ዘጠና ቀን የተረሳ ደብዳቤ

አክስቴ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ዳር ለዓመታት አልቤርጎ ነበራቸው። መንገዱ በ1990 ዓ.ም. ሲዘጋ አልጋዎቹን ሸጠው፣ የክፍሎቹን ቁልፎች በወተት ጣሳ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ጣሳው ዛሬም ቁም ሣጥናቸው ላይ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ማታ ማታ እኔ አነብላቸዋለሁ፤ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ ማለት ነው። ሰሞኑን የያዝነው የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ነው። እኔ ወደ ሰይፉና ወደ ጦርነቱ ስቸኩል፣ እሳቸው ብሪ በምትባል መንደር ካለች አንዲት የመንገድ ዳር ማደሪያ አልነሳም አሉ። ሦስት ማታ እዚያው አደርን። የሚከተለው የሦስተኛው ማታ ወግ ነው።

አክስቴ፦ ከደጁ ጀምርልኝ። ትናንት እንቅልፍ እያዳፋህ ነው ያነበብከው።

እኔ፦ እሺ እትዬ። የቤቱ ስም «ፕራንሲንግ ፖኒ» ነው፤ በኛ «ፈንጣዡ ድንክ ፈረስ» ብንለው ያስኬዳል። ሰሌዳው ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ወፍራም ነጭ ድንክ ፈረስ ተስሏል። ከበሩ በላይ የቤቱና የባለቤቱ ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል። ባለ ሦስት ደርብ ነው። ፊቱ ወደ መንገድ ነው፤ ከኋላ ሁለት ክንፍ አለው። ኮረብታ ሥር ስለተሠራ በጀርባ በኩል የላይኞቹ መስኮቶች ከመሬት እኩል ናቸው።

አክስቴ፦ በዚያማ ሌባ ይገባል።

እኔ፦ ይደርሳል፣ አይቸኩሉ።

አክስቴ፦ ግቢስ አለው?

እኔ፦ በሁለቱ ክንፎች መሃል አለ። በሰፊ ቅስት በር ይገባል፤ ፈረስና ጋሪ የሚያሳልፍ።

አክስቴ፦ ይኼ ሰውዬ ማደሪያ ያውቃል። ቤርጎ ልክፈት የሚል ሰው መጀመሪያ ክፍል ይቆጥራል፤ እዚያው ላይ ይከስራል። መጀመሪያ የሚቆጠረው ማቆሚያው ነው። ሹፌር ራሱ ከመተኛቱ በፊት ጭነቱን ነው የሚያስተኛው። ጭነቱ ካልተኛ እሱም አይተኛ፣ እኔንም አያስተኛኝ። መንገዱስ አንድ ነው?

እኔ፦ ሁለት ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያልፈው ትልቁ መንገድ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሚሄደው ጥንታዊ መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚያች መንደር ደጃፍ ነው። ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ተትቶ ሣር ስለበቀለበት «አረንጓዴው መንገድ» ይሉታል። ታሪኩ ሲጀምር ግን በዚያ ሣር በበላው መንገድ ከደቡብ ስደተኛ መምጣት ጀምሯል፤ ቤቱም በእንግዳ ሞልቷል።

አክስቴ፦ ጦርነት መቃረቡን መጀመሪያ የሚያውቀው ባለ አልቤርጎ ነው። ሬዲዮ ሳይናገር አልጋ ያልቃል። ሰዉ ሲገባ ዕቃው ይበዛል፣ ገንዘቡ ያንሳል፣ ልጆቹ አያለቅሱም። ልጆቹ ዝም ሲሉ ነው እኔ የምፈራው። በል ቀጥል፣ ድንኮቹ ገቡ?

እኔ፦ አራት ሆቢቶች። ቁመታቸው የልጅ ነው እንጂ አዋቂ ናቸው። የሚገርመው ቤቱ ለነሱ የተሠሩ ክፍሎች አሉት፤ በሰሜኑ ክንፍ፣ ምድር ቤት፣ መስኮቶቹ ክብ የሆኑ። ሆቢት ፎቅ ላይ መተኛት አይወድም። በብሪ ሰውና ሆቢት ጎረቤት ሆነው ስለሚኖሩ ባለቤቱ ይህን ያውቃል። ራት ሲያቀርብላቸውም ትኩስ ሾርባ፣ የቀዘቀዘ ሥጋ፣ የእንጆሪ ዓይነት ፍሬ ያለበት ኬክ፣ አዲስ ዳቦ፣ ቅቤና ግማሽ ድፍን አይብ ነው። እሳትም ይነድላቸዋል።

አክስቴ፦ እሳቱን ተወው፣ እኔ ዘንድ እሳት የጠየቀ እንግዳ አልነበረም። በረሃ ላይ እንግዳ የሚጠይቀው ውሃ ነው። ማታ አልጋውን ሁሉ ደጅ እናወጣው ነበር፤ ክፍሉ ለዕቃ፣ ግቢው ለሰው። ቁልፉን ይዞ ውጭ የሚተኛ እንግዳ አይተህ ታውቃለህ? ግን ያንን ክብ መስኮት ወደድኩለት። ስምስ ጻፈ?

እኔ፦ የውሸት ስም ነው የሰጡት። ፍሮዶ የሚባለው ዋናው ልጅ፣ ቀለበቱን የያዘው፣ «አንደርሂል» ነኝ አለ። «ከኮረብታው ሥር» እንደማለት።

አክስቴ፦ መታወቂያ አልተጠየቀም?

እኔ፦ የለማ። ባለቤቱ በሥራ ተወጥሯል። ባርሊማን ባተርበር ነው ስሙ። አጭር፣ ወፍራም፣ መላጣ፣ ፊቱ የቀላ፣ ነጭ ሽርጥ ያደረገ። መጀመሪያ ስናየው ሙሉ ኩባያ በደረደረበት ትሪ ከአንዱ በር ወጥቶ በሌላው በር ሲገባ ነው። ስሙ ራሱ የሥራው ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ከገብስ የመጣ ነው፣ ቢራ ጠማቂ ነውና። ሁለተኛው የተክል ስም ነው፤ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ድሮ ቅቤ የሚጠቀለልበት።

አክስቴ፦ ረዳት የለውም እንዴ?

እኔ፦ ሁለት አሉት፣ ኖብ የሚባል ሆቢትና ቦብ። ኖብ ክፍል ያዘጋጃል፣ ቦብ ጋጣ ይጠብቃል።

አክስቴ፦ ሁለት ሰው ለዚያ ሁሉ ቤት! እንግዲህ ስለ ደብዳቤው አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። አንተ ትናንት «ደራሲው ታሪኩን ለማክረር ሲል አስረሳው» አልከኝ። ሌሊቱን ሁሉ ሲከነክነኝ አደረ።

እኔ፦ ልክ አይደለሁም? ጋንዳልፍ፣ ያ ጠንቋይ፣ ቤቱ መጥቶ ለፍሮዶ የጻፈውን አስቸኳይ ደብዳቤ ለባተርበር ይሰጣል። ፍሮዶ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ጁላይ መጨረሻ ቀዬውን ለቆ እንዲወጣ ይላል። ደብዳቤው አልደረሰም። ፍሮዶ የወጣው በሴፕቴምበር 23 ነው፤ እሱን የሚያሳድዱት ጥቋቁር ፈረሰኞች ያን ጊዜ በሩ ላይ ደርሰዋል። የዓለም ዕጣ ፈንታ በአንድ ቢራ ሻጭ ዝንጉነት! ይኼ የደራሲ ብልሃት ካልሆነ ምንድን ነው?

አክስቴ፦ እንዴት እንደረሳው ንገረኝ። እሱን ዘለህብኛል።

እኔ፦ በማግስቱ ሊልከው አስቦ ነበር። በማግስቱ ወደዚያ አገር የሚሄድ ሰው አጣ። በሦስተኛው ቀን ከራሱ ሠራተኞች የሚላክ ትርፍ ሰው አልነበረውም። ከዚያ አንዱ ነገር ሌላውን እየገፋ ከልቡ ወጣ።

አክስቴ፦ ይኸውልህ። ይኼ ዝንጉነት አይደለም፣ ሥራ ነው። ዝንጉ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይረሳል። እሱ ሁለት ቀን ሞክሯል። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ከእጁ ወደ ልቡ ሄደ፤ ልብ ደግሞ ሰው በሞላበት ቤት ቦታ የለውም። ደራሲው ይህን ከራሱ አፍልቆ ከሆነ ጎበዝ ነው፤ ግን ከአንዱ ባለ ማደሪያ የሰማው ይመስለኛል። ደብዳቤው መቼ ተጻፈ ነው ያልከው?

እኔ፦ «የዓመቱ አጋማሽ ቀን» ይላል። በየትኛውም ወር ውስጥ የማይቆጠር ቀን ነው።

አክስቴ፦ እንዴት የማይቆጠር?

እኔ፦ የሆቢቶቹ አቆጣጠር እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን። ተርፈው ከወር ውጭ የሚቀሩ አምስት ቀናት አሉ፤ ሁለቱ በዓመት መለወጫ፣ ሦስቱ በዓመቱ አጋማሽ። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ይሆናሉ።

አክስቴ፦ ጳጉሜን!

እኔ፦ እንዴታ።

አክስቴ፦ ፈረንጁ ጳጉሜንን ከየት አመጣት?

እኔ፦ የጥንት ግብፆችም እንዲሁ ነበር የሚቆጥሩት፤ 30 ሲደመር አምስት። ቶልኪን ደግሞ በኦክስፎርድ የጥንት ቋንቋ መምህር ነበር። እንዲያውም ስለኛ ስም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ባወጣው ጥናት፣ ጥንታውያን እንግሊዞች ኢትዮጵያዊን ይጠሩበት የነበረውን ቃል ሥር መርምሯል። ከኛ ወሰደ ለማለት ግን አያደርስም።

አክስቴ፦ አይውሰድ። እኔ የምለው፣ በጳጉሜን የተጻፈ ደብዳቤ ቀድሞም መንገድ የለውም። ስንት ቀን ተቀመጠ?

እኔ፦ ፍሮዶ ብሪ የገባው በሴፕቴምበር 29 ነው። ከአጋማሹ ቀን በኋላ አንድ ትርፍ ቀን፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 29።

አክስቴ፦ ዘጠና። ድፍን ዘጠና ቀን።

(እትዬ የሚፈትሉበት እንዝርት ቆመ። ጣታቸው ላይ የቀረውን ጥጥ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።)

አክስቴ፦ የኔው ከዚያ ይበልጣል። አንድ ሹፌር ወደ ላይ ሲወጣ ፖስታ ሰጠኝ። ጓደኛው ከአሰብ ጭኖ ሲመለስ እንድሰጥለት። ባንኮኒው ጀርባ የግድግዳ ካላንደር ነበረን፣ ጀርባው ሸጎጥኩት። ደህና ቦታ ብዬ ነው። የዚያን ዕለት ማታ አሥራ አንድ መኪና ገባ። የውሃ ቦቴው ሳይመጣ ቀረ። አንዱን ረዳት ልጅ ጊንጥ ነደፈው። ጠዋት ፖስታ የሚባል ነገር አላውቅም። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ስንቴ ያለፈ ይመስልሃል?

እኔ፦ ስንቴ?

አክስቴ፦ አራቴ። አራቴ ሻይ በእጄ ቀድቼለታለሁ። ካላንደሩ ፊት ለፊቱ ነው። አንድ ጊዜ እንደውም «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ቀና ብሎ አየው። እኔ ራሴ በጣቴ አሳየሁት።

እኔ፦ ፖስታው ከጀርባው።

አክስቴ፦ ከጀርባው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አሮጌውን ካላንደር ሳወርድ እግሬ ላይ ወደቀ። በሁለተኛው ቀን መጣ፣ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። መልሶ አጠፈው። የሻይ ከፈለ፤ ሻዩ ገና አልቀረበም ነበር።

እኔ፦ ምን ይላል ብለው አልጠየቁም?

አክስቴ፦ በምን አፌ? ሰውየው ክፉ አልተናገረኝም። ከዚያ በኋላ ግን እኔ ዘንድ አልጋ ይዞ አያውቅም። መኪናውን ከግቢዬ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ያቆምና ጋቢና ውስጥ ያድር ነበር። በዚያ ሙቀት። መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ። ያንተ ጠንቋይስ ባተርበርን ምን አደረገው?

እኔ፦ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ከረሳ እንደሚጠብሰው ዝቶ ነበር። በኋላ ግን ፍሮዶ ስትራይደር ከሚባለው፣ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጦ ከነበረው ሰው ጋር በደህና መውጣቱን ከባተርበር አፍ ሲሰማ በደስታ አብዶ ቢራውን መረቀለት፤ ለሰባት ዓመት እንዲጣፍጥ። በዓመቱ ሲመለስ ቢራው እውነትም ተአምር ሆኖ ነበር።

አክስቴ፦ ታድሎ።

(እዚህ ላይ ሻይ አፈላሁ። ወደ ንባቡ እንድንመለስ ብዬ ስለዚያ ጥግ ስለተቀመጠው ሰው አነሳሁ።)

እኔ፦ ስትራይደር ሳሎኑ ጥግ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፊቱን በካባው ቆብ ሸፍኖ፣ እግሩን ዘርግቶ ያጨሳል። ባተርበር አይወደውም፣ ለእንግዶቹም አትጠጉት ይላል። በኋላ የሚነግሠው እሱ ነው። የሚደንቀው፣ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1955 ለገጣሚው ኦደን በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰውየው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያገኘው እሱም እንደ ፍሮዶ ማንነቱን እንደማያውቅ አምኗል። በመጀመሪያዎቹ ረቂቆች እንዲያውም ስሙ «ትሮተር» ነበር፤ የእንጨት ጫማ ያደረገ ሆቢት።

አክስቴ፦ ራሱ ጽፎ ራሱ አያውቀውም?

እኔ፦ መጻፉን ቀጥሎ ነው ያወቀው።

አክስቴ፦ ይገባኛል። እኔም ዘንድ ጥግ ላይ የሚቀመጥ አይጠፋም ነበር። አንዳንዱ ለስለላ፣ አንዳንዱ ዕዳ የሸሸ፣ አንዳንዱ ሚስቱን የቀበረ። በመልክ አይለይም። እኔ የምለየው በምግቡ ነው። የሸሸ ሰው ቶሎ ይበላና ዓይኑ በር ላይ ይሆናል። ያዘነ ያዝዝና አይበላም። ሰላይ ግን ቀስ ብሎ፣ ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ የሚከፍለው የራሱን አይደለማ! የናንተ ንጉሥ ምን በላ?

እኔ፦ ፊቱ ረጅም ኩባያ ነበር። ሲያጨስ እንጂ ሲበላ አላየሁም።

አክስቴ፦ እንግዲያው ባተርበር ቢጠረጥረው አይፈረድበትም። አሁን ሌቦቹን አምጣ።

እኔ፦ ስትራይደር ሆቢቶቹን በተያዘላቸው ክፍል እንዳይተኙ ከለከለ። አልጋቸው ላይ ሰው የተኛ እንዲመስል ትራስ አጋድመው፣ ሁሉም ሳሎን አደሩ። ሌሊት ጠላት በመስኮት ገብቶ ትራሶቹን ቆራረጣቸው። ጋጣውም ተከፍቶ ፈረሶቹ በሙሉ ተነዱ፤ የሆቢቶቹ አምስት ድንክ ፈረሶችም፣ የሌሎቹ እንግዶችም።

አክስቴ፦ ማን ከፈለ?

እኔ፦ ይህን እንደሚጠይቁ አውቄ ነበር። ባተርበር። በመንደሩ የቀረ የሚሸጥ ድንክ ፈረስ አንድ ብቻ ነበር፣ የቢል ፈርኒ። ፈርኒ ክፉ ሰው ነው፤ ፈረሱም በረሃብ የመነመነ። ዋጋውን ሦስት እጥፍ አድርጎ በ12 የብር ፔኒ ሸጠላቸው። ባተርበር ያንን ከኪሱ ከፈለ፤ ስለጠፉት አምስቱ ደግሞ 18 ፔኒ ካሣ ሰጠ።

አክስቴ፦ ሠላሳ።

እኔ፦ ሠላሳ። ደራሲው በብሪ ደረጃ ደህና ሀብታም ቢሆንም እንደጎዳው ይናገራል።

አክስቴ፦ አየህ፣ ጸሐፊውን ያመንኩት እዚህ ላይ ነው። ጠንቋይ፣ ቀለበት፣ ሰው በሰው ፊት ብን ብሎ ሲጠፋ፣ ያንን ሁሉ እሺ ብዬ ሰማሁ። ግን ጋጣው ተሰብሮ ማንም ሳይከፍል ወደ ጫካ ቢሄዱ ኖሮ «ይኼ ተረት ነው፣ ዝጋው» እልህ ነበር። በጣሪያህ ሥር የገባ ዕቃ ያንተ ዕዳ ነው። ግቢዬ ውስጥ አንድ ጊዜ ትርፍ ጎማ ጠፋ። ዘበኛው ተኝቶ ነበር። ከፈልኩ። ያንን ዓመት ለልጆቹ ልብስ አልገዛሁም።

እኔ፦ የሱ ግን በኋላ ተካካሰ። ከተነዱት እውነት የተሰረቀው አንድ ፈረስ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ደንብረው ሸሽተው ተገኙ። አምስቱ ድንኮች በመጨረሻ ለባተርበር ደርሰው አምስት ደህና ከብት በደህና ዋጋ አተረፈ።

አክስቴ፦ ዕድለኛ ነው ብዬሃለሁ። ፈሪስ ነው? ከፈራ አይወቀስም፤ ማወቁን ብቻ ነው የምፈልገው።

እኔ፦ ይፈራል። ፈረሰኞቹ ቀደም ብለው መጥተው ስለ ፍሮዶ ሲጠይቁ በሩን ፊታቸው ላይ ነው የዘጋው። ማታ ከሞርዶር፣ ከዚያ ከጨለማው አገር፣ መምጣታቸውን ስትራይደር ሲነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ሆኖም ውጡልኝ አላለም። እኔ ብዙ የማደርገው የለኝም፣ የምችለውን ግን አደርጋለሁ ነው ያለው። ኖብን ጠርቶ በር ማስቆለፍ ጀመረ።

አክስቴ፦ ሰይፍ ያነሳውን ሁሉ ታደንቅልኛለህ፣ ይህን ትዘላለህ። ሰይፍ የያዘው ጠዋት ይሄዳል። ቤቱ ግን የትም አይሄድም። ፈረሰኞቹ ተመልሰው ቢመጡ የሚያገኙት እሱን ነው።

እኔ፦ ሳነበው እንዲህ አላየሁትም፤ ልጅ ሆኜ ሳነብ ባተርበር አስቂኝ ወፍራም ሰውዬ ነበር። ፊልሙም በዚያው ነው ያሳለፈው። በመጽሐፉ መጨረሻ ግን አንድ ነገር አለ። ሆቢቶቹ አገራቸው ሲመለሱ ክፉዎች ገዝተውት ያገኙታል። ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ምን ይመስልዎታል? ማደሪያዎቹ በሙሉ ተዘግተዋል።

አክስቴ፦ ይዘጋሉ እንጂ። ሰው ተገናኝቶ የሚያወራበት ሌላ ምን አለ? የ«ፈንጣዡ»ስ?

እኔ፦ አልተዘጋም፣ ግን ባዶ ነው። በመንገዱ ወንበዴ በዝቶ እንግዳ የለም። በመንደሩ ግጭት አምስት ሰው ሞቷል። በሩ ተቆልፎ፣ ባተርበር ዱላ ይዞ ነው የሚወጣው። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ቢኖር ነው፣ እነሱም የሰፈር ሰዎች ቶሎ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ።

አክስቴ፦ በ1990 ልክ እንደዚያ ነበር። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ሰባት መኪና፣ በማግስቱ ሁለት፣ ከዚያ ወታደር ብቻ። ከዚያ ምንም። አልጋዎቹን ግን ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ደጅ ሳወጣ ነበር። አንሶላ አነጥፋለሁ፣ ጠዋት ማንም ያልተኛበትን አጥፋለሁ። ዘበኛው እንኳ ያፍርልኝ ነበር መሰለኝ ፊቱን ያዞራል። (ሻዩን ቀመሱና አስቀመጡት።) ያ ፈረስስ የት ገባ? የመነመነው፣ የ12 ፔኒው።

እኔ፦ ቢል አሉት፣ በዚያ በክፉው ባለቤቱ ስም። ሳም የሚባለው ሆቢት ተንከባክቦ አሰባው። ከዚያ ሞሪያ የምትባል የዋሻ ከተማ በር ላይ ሲደርሱ ይዘውት መግባት ስላልቻሉ ለቀቁት። በተኩላ መሃል፣ በክረምት። ሳም አልቅሷል።

አክስቴ፦ ሞተ በለኛ።

እኔ፦ አልሞተም። ባተርበር ለሆቢቶቹ ራት አቅርቦ ሲያወራ ሲያወራ፣ እንደ ልማዱ ድንገት ትዝ ይለዋል። ያ የፈርኒ ፈረስ ብቻውን ተመልሶ መጥቷል አላቸው። ጠጉሩ ተንጨባርሮ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ግን በሕይወት። ኖብ ሲመግበው ከርሟል።

አክስቴ፦ የት ነው የመጣው? ፈርኒ ቤት?

እኔ፦ ባተርበር ዘንድ። ጋጣው ውስጥ ነው ያለው። ሳም ሳያየው አልተኛም።

አክስቴ፦ ጋጣው ውስጥ? መንገድ ዳር አይደለም?

እኔ፦ ጋጣው ውስጥ፣ እትዬ።

አክስቴ፦ በል እስቲ እሱን ደግመህ አንብብልኝ። ቀስ ብለህ።